ሰማያዊው ጡጦ

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየጾሙ መግቢያ እፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ ቁጣዬን፣ ጎረቤቴን የረገምኩበትን ቀን፣ ጾም የገደፍኩበትን ቀን ነግሬያቸዋለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል ሁልጊዜ። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ሌላ ግን ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አብሮኝ ሲንበረከክ፣ አብሮኝ ሲነሳ ኖሯል።

አሁን የምጽፈው ልቤ ስለ ለሰለሰ አይደለም። ልቤ እንደ ድሮው ነው። የምጽፈው ዛሬ ጠዋት ከሰመራ ስልክ ስለ ተደወለልኝ ነው። ስለ ስልኩ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። ካላስቀደምኩት ምክንያቴን ደርድሬ ደርድሬ ሥራዬን እንደምሸፍነው ራሴን አውቃለሁ።

ሥራዬ ይህ ነው፤ የልጄን ልጅ፣ ሁለት ወር ያልሞላትን ጨቅላ፣ ወተቷን አቅጥኜ አስርቤያታለሁ። እኔ ነኝ። የኑሮ ውድነት አይደለም፣ እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ ጥፋቱ በእናቷ ላይ ሲጫን ቆሜ አይቻለሁ። ቆሜ ማየት ብቻ አይደለም፣ አብሬ ጭኛለሁ።

ልጄ ሳምሶን ሰመራ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። ሚስቱ መሠረት የመጀመሪያ ልጃቸውን ሶልያናን በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ግራ ጡቷ መግል ቋጠረና በሐኪም ተከፈተ። ሐኪሙ በቀኙ እንድታጠባ፣ ግራው እስኪድን ድረስ በቆርቆሮ ወተት እንድትደግፍ አዘዘ። ሳምሶን ደውሎ «እማዬ ድረሽልን» አለኝ። እኔ የምኖረው አዋሽ ነው፤ ባሌ ሀዲድ ጠጋኝ በነበረበት ጊዜ በገባንበት በባቡር ሰፈር። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አዋሽን ሙቀት ነው እያልኩ ያረጀሁ ሴት ሰመራ ስወርድ አፈርኩ። ነፋሱ ራሱ ያቃጥላል።

መሠረት ኮሌጅ የጨረሰች ናት። ገና ሳትወልድ ለልጅቷ የሚያስፈልገውን ሁሉ ስልኳ ላይ ጽፋ ኖሯል፤ ወተቱን፣ ዳይፐሩን፣ ለድንገተኛ ሕመም የሚቀመጠውን፣ ከደሞዙ ምን ለምን እንደሚሆን። አልጋዋ ላይ ተጋድማ አሳየችኝ። እንድመክራት ፈልጋ ነበር፤ ያኔም ገብቶኛል። እኔ ግን «ልጅ ነው የወለዳችሁት ወይስ ፋብሪካ ነው የከፈታችሁት?» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሳምሶንን አብዛኛውን ጊዜ ለሥራ የሚልኩት ወደ ጭፍራ ነው፤ ሄዶ ሳምንት ይቆያል። ለመሄድ ሲነሳ የወሩን ወጪ እጄ ላይ አስቀመጠና «መሠረት እስክትነሳ አንቺ ያዢው፣ እንደሚመችሽ አብቃቂው» አለኝ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደሞዙን አንድ ቀን እጄ ላይ አስቀምጦ አያውቅም። ለሽንኩርት እንኳ ለምኜ ነው የኖርኩት። በስተርጅና ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ወጪ እጄ ገባ። ምን አደረግሁበት? ይኸው ልነግራችሁ ነው።

ግን አስካለን ሳላነሳ አላልፍም። ይህን ማንሳቴ ለሥራዬ ማመካኛ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ሆኖም አስካለ የድርሻዋን ሳትወስድ እንድትቀር አልፈልግም።

ወይዘሮ አስካለ የጣቢያው ሹም ሚስት ነበረች። የሳምሶን ክርስትና ዕለት፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እኔ ቤት በተሰበሰበበት፣ የቀዳሁላትን ጠላ ወደ ብርሃን አንስታ ብርጭቆውን አገላበጠችው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ዘነቡ፣ ጠላው እስኪደርስ ነው መሰለኝ ቅራሪውን ያስቀደምሽው» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ሌላ ጠላ አልነበረም። ያው ነበር ጠላዬ። ጌሾውም ብቅሉም ባሌ የሰጠኝን ያህል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በባቡር ሰፈር ስሜ ቅራሪ ዘነቡ ሆነ። ውሃ ልቀዳ ስሄድ፣ ለቅሶ ስደርስ፣ ከኋላዬ ይህን ስም እሰማ ነበር። ባቡሩ ቀረ፣ ሹሙም ሞተ፣ ስሙ ግን አልቀረም።

እንግዲህ ሶልያና ስትወለድ ገና ሳላያት የወሰንኩት አንድ ነገር ነበር። ክርስትናዋ አዋሽ፣ እኔ ግቢ ውስጥ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ሙክት ታርዶ ይሆናል። ጠላዬም እንደ ሬንጅ የወፈረ ይሆናል፤ አስካለም ከፊት ወንበር ተቀምጣ ትጠጣዋለች። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው። ቀኑ ቅርብ ነበር። መሠረት ስልኳ ላይ «ክርስትና፣ ቤተሰብ ብቻ» ብላ ጽፋ ነበር። ቤተሰብ ብቻ! እሷ ምን ታውቃለች?

ድግሱ ከምን ይወጣ ነበር? የቤት ኪራዩ አይነካም። ከመሠረት ምግብ ብቀንስ ራሷ ታያለች። ዳይፐሩን በጨርቅ ለወጥኩት፤ እሱ ኃጢአት አይደለም፣ እኔም በጨርቅ ነው ያሳደግሁት። ግን አልበቃም። በዚያ ቤት ከሁሉ የሚወደደው የቆርቆሮው ወተት ነበር።

ቆርቆሮው ላይ ለአንድ ጡጦ አራት መለኪያ ማንኪያ ይላል። ማንበብ አልችልም ብዬ እንዳላመካኝ መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፤ ጽሑፉን ራሴ ነኝ ያነበብኩት፤ ሥዕሉም ነበር። አራት ማንኪያ። በመጀመሪያው ሳምንት አራት አደረግሁ። ከዚያ ሦስት አደረግሁት። ልጅቷ ጠጣችው፣ ምንም አልሆነችም። ምንም አልሆነችም ብዬ ሁለት አደረግሁት።

ሁለት ማንኪያ ሲሆን የወተቱ መልክ ይለወጣል፤ ጡጦውን ብርሃን ላይ ካነሱት ወዲያ ማዶ ያሳያል። ይህን ሳይ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ገበያ ወርጄ ውስጡ የማይታይ ሰማያዊ ጡጦ ገዛሁ። ሰው ሲሳሳት ጡጦ አይቀይርም። ይህን ሁሉ በየዋህነት አደረግሁት ብዬ ራሴን ልሸነግል በተነሳሁ ቁጥር ያ ሰማያዊ ጡጦ ፊቴ ይደቀናል። ትንሽ ስኳርም እጨምርበት ነበር፣ እንዳትተፋው።

መሠረትን ጓዳ አላስገባትም። «አራስ እሳት አትጠጋም፣ ተኚ» እላታለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ እበጠብጣለሁ፣ ጡጦውን ይዤ እመጣለሁ። «እማማ፣ ባይኖሩልኝ ምን እሆን ነበር» ትለኛለች። ይህን ስትለኝ ቀና ብዬ ዐይኗን አይቼ አላውቅም።

ደግሞ መዲና አለች። መዲና አጥር የምትጋራቸው የአፋር ሴት ናት፤ ቤተሰቦቿ ከከተማው ወጣ ብለው ግመል ያረባሉ። በየጠዋቱ በትንሽ ጀሪካን የግመል ወተት ይዛ ትመጣለች። የሚከፈላት የለም። «ለአራሷ ነው፣ ትጠጣ፣ ጡት ይመጣል» ትላለች። አንቺ ነው የምትለኝ፤ አማርኛዋ አንቱታ አያውቅም። እኔ እቀበላታለሁ፣ አመሰግናታለሁ፣ ከዚያ ከቤቱ ኋላ ዞሬ እደፋዋለሁ። ጀሪካኑን አጥቤ «ጠጣችው፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያልኩ እመልሳለሁ። መሠረት ወተት መምጣቱንም አታውቅም።

ለምን ደፋሁት? ቢጠይቁኝ ክርስቲያን የግመል ወተት አይቀምስም እል ነበር፤ ይህን መልስ ይዤ ነበር የምዞረው። ውሸት ነው። አዋሽ ላይ በክፉ ቀን ልጆቼንም ራሴንም በግመል ወተት ነው ያተረፍኩት። ማንም ሳያየኝ ጠጥቼዋለሁ፣ ጣዕሙንም አልረሳሁትም። የደፋሁት በሃይማኖቴ አይደለም። የመሠረት ጡት ቢመለስ ቆርቆሮው አያስፈልግም ነበር፤ ቆርቆሮው ካላስፈለገ ደግሞ እኔ አላስፈልግም ነበር። ያ የወር ወጪም ወደ መሠረት የስልክ ዝርዝር ይመለስ ነበር። ለዚህ ነው የደፋሁት።

አንድ ቀን ስደፋ መዲና ከአጥሩ ማዶ ቆማ አየችኝ። የፍየሎቿ ግልገሎች እዚያ ቦታ መላስ ስላበዙባት ልትመለከት መጥታ ነው። አልጮኸችም፣ ጎረቤትም አልጠራችም። «እማማ፣ ለአራሷ ነበር፣ ለአንቺ አይደለም» አለችኝ። ሄደች። በማግስቱ ጀሪካኑ አልመጣም። ሰላምታዬን ግን ሰመራ በሄድኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ትመልሳለች፤ ምነው ባትመልስ።

ሶልያና መጀመሪያ ላይ ታለቅስ ነበር። አምጡ አምጡ የሚል ለቅሶ ነበር። ጡጦውን ጨርሳ ባዶውን ትመጠምጠው ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ተወችው። ዝም አለች። ቀኑን ሙሉ ጣራውን እያየች ትተኛለች። ሳምሶን ከጭፍራ ሲመለስ «እማዬ ከመጣች ልጅቷም ጨዋ ሆነች» ብሎ ሳቀ፤ ወተቱ ብዙ ቀን እንደቆየም አይቶ «ይኸውልሽ፣ የድሮ ሰው ያብቃቃል» አላት ለመሠረት። እኔም «ልጅ እንዳስለመዱት ነው» አልኩ። ብለሻል በሉኝ። ጨቅላ ልጅ ከድካሟ የተነሳ ማልቀስ ሲያቅታት ጨዋ ናት ብያለሁ። ሦስት ልጅ ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ ያ ዝምታ ምን እንደሆነ የማላውቅ ሴት አይደለሁም።

የታወቀው ለክትባት ጤና ጣቢያ የወሰድናት ዕለት ነው። ልብሷን አውልቀው ሚዛን ላይ ሲያስቀምጧት የጎድን አጥንቷን አየሁ። በየቀኑ አጥባት ነበር፤ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው ብል ታምኑኛላችሁ? አትመኑኝ። በየቀኑ አየው ነበር።

ሲስተሯ ካርዱን ደጋግማ አየችና «ምንድን ነው የምታጠቧት?» አለች። መሠረት «አንድ ጡቴንና የቆርቆሮ ወተት» አለቻት።

«ወተቱን ማን ነው የሚበጠብጠው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«በልኩ ነው እናቴ?»

«ቆርቆሮው ላይ እንደ ተጻፈው» አልኩ። ምላሴ አልተንቀጠቀጠም። ሲስተሯ ከካርዱ ቀና ብላ ስትመለከተኝ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ጨመርኩ። «ጡቷ ነው እንጂ። ከመጀመሪያውም ጡቷ ውሃ ነው» አልኩ።

ውሃ አልኩ፣ እኔ። መሠረት ወደ ደረቷ ጎንበስ ብላ አየች። ያ አስተያየቷ ነው አራት ዓመት ያስጨነቀኝ። ተገልጦ የነበረውን ደረቷን በነጠላዋ ሸፈነችው፤ እንደ ነውር።

ልጅቷ ሆስፒታል ተኛች። በአፍንጫዋ ቱቦ አስገቡላት። ሳምሶን ከመንገድ ተጠርቶ መጣ፤ ክፍሉ ደጃፍ ላይ፣ ሌሎች አስታማሚዎች እየሰሙ፣ «ሌላው ቢቀር ልጅሽን ማጥባት ያቅትሻል?» አላት። እኔ ትከሻዋን አቅፌ «አይዞሽ፣ ሁሉም ጡት እኩል አይደለም» አልኳት። የወተቱን ቅጥነት እግዚአብሔር ቢያልፍልኝ እንኳ ይህቺን ማጽናናት የሚያልፍልኝ አይመስለኝም። አቀፈችኝ። ደረቴ ላይ አለቀሰች። የድግሱ ገንዘብ ደግሞ ያኔ ሙሉ በሙሉ ተሟልቶ፣ በመቀነቴ ጫፍ ተቋጥሮ፣ በእሷና በእኔ መካከል ነበር።

ሆስፒታሉ በልኩ እየመገበ በሳምንት ውስጥ ልጅቷን መለሳት። ማልቀስ ስትጀምር ሐኪሙ ደስ አለው። ጸበል አስመጥቼ ስለ ነበር ሳምሶን የእኔ ጸሎት ያዳናት መሰለው። መሠረትም እንደዚያው። «እጅዎ ነው ያዳናት» ትለኝ ጀመር። ከሆስፒታል ስንመለስ አራት ማንኪያ አደረግሁ፤ ሞልቼ፣ ከአፉ እስኪፈስ። ሰማያዊውን ጡጦ ጣልኩት። ግን አልተናገርኩም። ያኔ ብናገር የመሠረት ጡት ገና አልደረቀም ነበር። እሷ ግን ቀኙንም ትታው ነበር፤ «ለልጄ ውሃ አላጠባም» ብላ። ደረቀ።

ክርስትናው ከታሰበው ቀን ዘግይቶ አዋሽ ላይ ተደገሰ። ድንኳኑ ተጣለ፣ ሙክቱ ታረደ። መሠረት ጥግ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። አስካለን ልጇ ክንዷን ይዛ አመጣቻት፤ ዐይኗ ፈዝዟል፣ በትር ይዛለች። እፊት ወንበር አስቀመጥኳት። ጠላውን በራሴ እጅ ቀድቼ ሰጠኋት። ለዚህች ደቂቃ ነበር ሁሉም። አንዴ ጎንጨት አለችና ፊቷን አጨፈገገች፤ ብርጭቆውን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

«ዘነቡዬ፣ ሆዴ እንዲህ ያለውን አይችልም። ከባድ ነው። ቅራሪ የለሽም?»

የምትዘብትብኝ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። «እትዬ አስካለ፣ የሳምሶን ክርስትና ላይ ያሉኝን ያስታውሳሉ?» አልኳት። «ምን አልኩሽ?» አለች። ነገርኳት፤ እዚያው ድግሱ መሐል ቃል በቃል ነገርኳት። «እኔ እንዲህ ብያለሁ? እንጃ» አለች። «አንቺዬ፣ ያን ሁሉ ዘመን ታስታውሻለሽ?» ከዚያ በድጋሚ ቅራሪ ጠየቀችኝ። ጓዳ ገብቼ አመጣሁላት። እሱን ጥርግ አድርጋ ጠጣችና መረቀችኝ።

አስካለን እስከ ዛሬ አልወዳትም። ይህን እዚህ ላይ መጻፌ ጸጸቴን ይቀንሰው እንደሆነ ይቀንሰው። ግን የልጅ ልጄን ያስራበች አስካለ አይደለችም። አስካለ ረስታው ነበር።

አሁን ወደ ስልኩ። መሠረት ከትናንት ወዲያ ሁለተኛ ልጇን ወለደች፤ ወንድ ነው። ዛሬ ጠዋት ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ደክሟል። «እማማ፣ ይምጡልኝ» አለችኝ። «ቆርቆሮ ከመጀመሪያው ቀን ገዝተናል። ጡት አላስነካሁትም። ሐኪሞቹ አጥቢ ይሉኛል፣ እኔ የእኔን ጡት አውቀዋለሁ። ጠፍሬ አስሬዋለሁ፤ ቶሎ እንዲደርቅ።» ከዚያ ሳቅ ብላ «እርስዎ ይበጥብጡልኝ። የእርስዎ እጅ ያውቃል» አለች።

እሺ አልኳት። ስልኩን ዘጋሁት። የነገውን አውቶቡስ ትኬት ቆርጬ፣ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ እዚያ ስደርስ ፊት ለፊት እነግራታለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ራሴን ያዝኩት። ይኸም ያው ተንኮሌ ነው። ነገ አመሻሽ እደርሳለሁ፣ ሕፃኑን ያስታቅፉኛል፣ ሻይ ይቀርብልኛል፣ ዛሬ ደክማለች ነገ እላለሁ። የታሰረ ጡት ደግሞ እኔን አይጠብቅም፤ አንዴ ደርቆ አይቻለሁ።

ስለዚህ አልሄድም። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ እደውላለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም። መሠረት እንደዚያ ብላት ይቅር የምትል ሴት ናት፤ ታጽናናኝም ይሆናል፣ እኔም ደረቷ ላይ አለቅስ ይሆናል፤ ይህ እንዲሆን አልፈልግም። ሳምሶን ሁለተኛ ደጄን አይረግጥ ይሆናል። ልጆቹን አላያቸው ይሆናል። ይገባኛል ልል ነበር፤ እሱንም ማለት አልወድም፣ አንገት መድፋት ያስመስላል። ለንስሐ አባቴ ደግሞ ከእሷ በኋላ እንጂ ከእሷ በፊት አልናገርም።

የምላትን ቃል እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ስታነሳ ምላሴ እንደ ለመደው ሌላ እንዳይናገር ከወረቀቱ ላይ አነብላታለሁ፦

መሠረት፣ ጠፍሩን ፍቺና ልጅሽን አጥቢው። ጡትሽ ምንም አልነበረበትም። መዲና ወተት ካመጣችልሽ ጠጪው፤ ያኔም ታመጣልሽ ነበር፣ የደፋሁት እኔ ነኝ። ቆርቆሮው ላይ አራት ይላል። እኔ ሁለት ነበር የማደርገው።